የጓሳ ቢጫ ቁጥቋጦዎች እንዴት ይለያሉ?

ጥያቄ፦ በሰሜን ሸዋ፣ መንዝ ውስጥ የሳይንስ መምህር ነኝ። ተማሪዎቼን ይዤ ወደ ጓሳ በወጣሁ ቁጥር በአንድ ተረተር ላይ ጎን ለጎን የበቀሉ ሁለት ቁጥቋጦዎች እናያለን፤ የሁለቱም አበባ ቢጫ፣ የሁለቱም ቅጠል ቀጭን ነው። እረኞቹ ይለዩአቸዋል፤ እንዴት እንደሚለዩ ስጠይቃቸው ግን «ያው ይታያላ» ብቻ ይሉኛል። ሁለቱም ከአደይ አበባ ወገን ናቸው የሚባለው እውነት ነው? መሬት ላይ ተድቦልቡሎ የሚበቅለው እሾሃማውስ የየትኛው ዘመድ ነው?

መልስ፦ የተከበሩ መምህር፣ ወገኑን በተመለከተ የሰሙት እውነት ነው። ሁለቱም አስቴራሴ በሚባለው ሰፊ የዕፅዋት ቤተሰብ ውስጥ ይገኛሉ፤ አደይ አበባ፣ ኑግ፣ ሱፍና ግራዋም የዚሁ ቤተሰብ አባላት ናቸው። በዚህ ቤተሰብ ውስጥ እኛ አንድ አበባ ብለን የምንቀጥፈው ነገር ብዙ ደቃቅ አበቦች ተጠጋግተው የተሰበሰቡበት ራስ ነው። ይህን ለተማሪ ለማስረዳት ከኑግ የተሻለ ምሳሌ አላውቅም፤ አንዱ የኑግ ራስ ብዙ ፍሬ የሚይዘው እያንዳንዱ ፍሬ ከየራሱ ደቃቅ አበባ ስለሚወጣ ነው። ራሱን ከሥር ደግፈው የሚይዙት ትናንሽ ቅጠሎችም አሉ፤ እዚህ አቃፊ ቅጠሎች እንበላቸው። ቢጫነት በደጋው እጅግ የተለመደ ቀለም ስለሆነ ለመለያነት አይበቃም፤ ተማሪዎችዎ አበባውን ገልብጠው ከሥሩ እንዲያዩ ያስለምዱአቸው።

የአካባቢ ስም ከቀበሌ ቀበሌ ስለሚለያይ እዚህ በሳይንሳዊ ስማቸው እጠራቸዋለሁ። የመጀመሪያው ዩሪዮፕስ ፒኒፎሊየስ ነው፤ ከኢትዮጵያ በስተቀር በሌላ አገር በዱር አይገኝም። ቅጠሉ አረንጓዴ፣ ጸጉር የሌለውና እንደ መርፌ የቀጠነ ሲሆን በቅርንጫፉ ጫፍ ላይ ተጨናንቆ ይበቅላል፤ «ፒኒፎሊየስ» የተባለውም ቅጠሉ የፓይን ዛፍን ቅጠል ስለሚመስል ነው። የአበባው ራስ ብቻውን በቀጭን አገዳ ላይ ይቆማል፤ ዙሪያውንም እንደ አደይ አበባ የተዘረጉ ቢጫ ምላሶች ከበውታል። «ዩሪዮፕስ» በግሪክ ሰፊ ዓይን ማለት ስለሆነ ተማሪዎችዎ ስሙንና መልኩን አብረው ይይዙታል። ራሱን ሲገለብጡት አቃፊ ቅጠሎቹ አረንጓዴና በአንድ ረድፍ ብቻ የተደረደሩ መሆናቸውን፣ ከታች በኩልም ተጋጥመው ትንሽ ጽዋ እንደሚሠሩ ያያሉ።

ሁለተኛው ሄሊክሪሰም ስፕሌንዲደም ነው። ይህ ከኢትዮጵያ ተራሮች አንሥቶ እስከ ደቡብ አፍሪካ ተራሮች ድረስ ይበቅላል። ቅጠሉ ቀጭን ቢሆንም ጠርዙ ወደ ታች የተጠቀለለ ነው፤ ቅጠሉንም ለጋ ቅርንጫፉንም ነጭ፣ ጥጥ መሰል ጸጉር ስለሚሸፍናቸው ቁጥቋጦው ከሩቅ ሲታይ አመድማ ይመስላል። እረኞቹ «ያው ይታያላ» ሲሉ ከሁሉ አስቀድሞ የሚያዩት ይህን የመልክ ልዩነት ይመስለኛል፤ ትክክለኛ እይታም ነው፣ አበባ በሌለበት ወቅትም ያገለግላል። የአበባ ራሶቹ በጣም ትናንሽ ናቸው፤ ብዙዎቹ በቅርንጫፉ ጫፍ ተጣብቀው አንድ ጉንጉን ይሠራሉ። ዙሪያቸውን የተዘረጋ ምላስ የላቸውም። ቢጫ ሆኖ የሚያብረቀርቀው አቃፊ ቅጠሉ ራሱ ነው፤ በብዙ ረድፍ ተደራርቦ፣ ደርቆና እንደ ወረቀት ሳስቶ ይገኛል። አንዱን ራስ በአውራ ጣትና በሌባ ጣት ጫን ቢሉት ይንኮሻኮሻል። ተቆርጦ ከርሞም ቀለሙን ብዙም አይለቅም። ስሙ በግሪክ ፀሐይና ወርቅ ከሚሉ ሁለት ቃላት የተገኘ ነው።

ለክፍል ሥራ አንድ ነገር ልጨምር። ከየቁጥቋጦው አንድ አንድ ራስ ወስደው በምላጭ ከላይ እስከ አገዳው ለሁለት ይሰንጥቁና ጎን ለጎን ያስቀምጧቸው። የዩሪዮፕስ ግድግዳ አንድ ንጣፍ ብቻ ሲሆን የሄሊክሪሰሙ እንደ ሽንኩርት ተነባብሮ ይታያል። ማጉያ መነጽር ካለ መልካም ነው፤ ባይኖርም ደኅና ዓይን ላለው ልጅ ይህ አይሰወርም።

እሾሃማው የሄሊክሪሰሙ የቅርብ ዘመድ ነው፤ ሄሊክሪሰም ሲትሪስፒነም ይባላል። ቁመቱ አጭር፣ ቅርንጫፉ የተጠላለፈ፣ መልኩ እንደ ትራስ የተድቦለቦለ ነው። አበባ ባይኖረውም እሾሁ ይናገርለታል።

ብዙ ሰው ከእነዚህ ጋር የሚደባልቀው አመጃን ነው። አመጃም በጓሳ ይበቅላል፣ አበባውም ደማቅ ቢጫ ነው፤ ሆኖም ከዚህ ቤተሰብ አይደለም። አበባው አንድ ትልቅ እውነተኛ አበባ ሲሆን አምስት እርስ በርስ ያልተጣበቁ የአበባ ቅጠሎች አሉት፤ የግንዱ ቅጠሎችም ጥንድ ጥንድ ሆነው ፊት ለፊት ይበቅላሉ።

አበቃቀላቸውም ያግዝዎታል። ጓሳ ከባሕር ወለል በላይ ከ3,200 እስከ 3,700 ሜትር ገደማ ከፍታ ያለው ሲሆን፣ ዕፅዋቱን ያጠኑ ባለሙያዎች የመሬቱን ሽፋን ሲከፍሉ አንዱን ክፍል በዩሪዮፕስ፣ ሌላውን በሄሊክሪሰምና ቦታው ስሙን ባገኘበት በጓሳ ሣር ሰይመውታል። ስለዚህ ልጆቹ ከአንዱ ቁጥቋጦ ወደ ሌላው ሲሻገሩ ከእግራቸው ሥር ያለው ሣርና አፈር መለወጡንም ያስተውሉ። ጓሳን የመንዝ ሕዝብ ቄሮ በሚባለው ባህላዊ የጋራ መሬት አጠባበቅ ሥርዓት ለብዙ ትውልድ ጠብቆ ያቆየው ነውና፣ ለናሙና የሚቆርጡትን ከጠባቂዎቹ ተነጋግረው፣ ከየዓይነቱ አንድ ቀንበጥ ብቻ ቢያደርጉት እመክራለሁ።

ናሙናው አበባም፣ ቅጠልም፣ ከቆየው እንጨትም ጥቂት ያለበት ይሁን። በጋዜጣ መካከል ዘርግተው ከባድ ነገር ይጫኑበት፤ እስኪደርቅ ድረስም ጋዜጣውን በየቀኑ ይለውጡ። የተቆረጠበትን ቦታ፣ ከፍታውን፣ ቀኑንና እረኞቹ የጠሩበትን ስም በወረቀት ጽፈው አብረው ያኑሩ። ጥርጣሬ ቢቀርዎ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ያለው ብሔራዊ ሄርባሪየም ከተሰበሰቡት የደረቁ ናሙናዎች ጋር ሊያነጻጽርልዎ ይችላል፤ ያን ጊዜ የእረኞቹን ስም የያዘችው ወረቀት እንዳትቀር።