ሠርቶ የማያስረክበው ልጅ፦ የሚጥል ሕመምና የኦንላይን ሥልጠና

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ ዶክተር። የምኖረው ሜሪላንድ ነው። የ15 ዓመት ልጄ የሚጥል ሕመም አለበት። ሌቬቲራሴታም የሚባል መድኃኒት ይወስዳል፤ ከጣለው ዓመት አልፎታል። ትምህርቱ ግን እየተበላሸ ነው። የቤት ሥራውን ሠርቶ ማስረከብ ይረሳል። ካላስታወስኩት ክኒኑን አይውጥም። አንዱን ሳይጨርስ ሌላ ይጀምራል። አባቱ «ስንፍና ነው» ይላል። ሐኪሙ በኦንላይን የሚሰጥ ሥልጠና አለ ብሎናል። እውነት ይጠቅማል? ስክሪኑስ ሕመሙን አይቀሰቅስበትም?

መልስ፦ እህቴ፣ መጀመሪያ ይህን ለአባቱ ያንብቡለት። ሰነፍ ልጅ የቤት ሥራውን አይሠራም። የእናንተ ልጅ ይሠራል፤ የሚያቅተው የመጨረሻዋ እርምጃ ናት።

የሚጥል ሕመም መጣል ብቻ አይደለም። ማቀድ፣ መጀመር፣ ሐሳብን ሰብስቦ መቆየት፣ ጊዜን መመጠን፣ የጀመሩትን መጨረስ፣ እነዚህን ችሎታዎች ሐኪሞች በአንድነት ኤግዘኪዩቲቭ ፈንክሽን እንላቸዋለን። በአብዛኛው የሚመራቸው በግንባር በኩል ያለው የአንጎል ክፍል ነው፤ እሱም እስከ 20ዎቹ ዕድሜ አጋማሽ ድረስ እየበሰለ ይሄዳል። የሚጥል ሕመም ባለባቸው ልጆች ላይ እነዚህ ችሎታዎች ደከም ብለው ማየት የተለመደ ነው። መጣሉ በመድኃኒት ከቆመ በኋላም ችግሩ ሊቀጥል ይችላል። እናም ቁጣና ምክር ብቻውን አይፈታውም።

ወደ ሥልጠናው ልምጣ። ኦሃዮ ውስጥ የሚገኘው የሲንሲናቲ የሕፃናት ሆስፒታል ባለሙያዎች «ኤፒለፕሲ ጆርኒ» የሚባል ፕሮግራም ሠርተዋል። የታሰበው ለ13 እስከ 17 ዓመት ወጣቶች ነው። ልጁ አጫጭር ትምህርቶችን በድረ ገጽ ያያል፣ ከዚያ ከቴራፒስት ጋር በቪዲዮ ይነጋገራል። በ2019 በታተመው የመጀመሪያ ሙከራ ወጣቶቹም ወላጆቻቸውም መሻሻል አይተናል ብለዋል። ጥናቱ ግን ትንሽ ነበር፤ ተአምር አይጠብቁ። ሐኪማችሁ ያሰበው ይህን ይሁን ሌላ፣ ስሙን ይጠይቁት። እኔ ከሁሉ በፊት የማየው ከስክሪኑ ወዲያ ሰው መኖሩን ነው። አንጎል ያሠለጥናል የሚባለውን ጌም ብቻውን የተጫወተ ልጅ ጌሙን ይለምደዋል፤ ቦርሳው ውስጥ የቀረው የቤት ሥራ ግን እዚያው ነው።

እንዲህ ነው የሚሠራው። ልጁ ራሱ አንድ ችግር ይመርጣል፤ ለምሳሌ «የሒሳብ የቤት ሥራዬን አላስረክብም» ይላል። ቴራፒስቱ አይገሥጸውም። የት ጋ ነው የሚጠፋው? ማታ ጨርሶ ነገ እልካለሁ ብሎ ይተኛል፣ ጠዋት ይረሳዋል። መፍትሔ የሚመስለውን ሁሉ ይደረድራል፣ አንዱን ይመርጣል። እንበል፣ ከወንበሩ ሳይነሳ በስልኩ ፎቶ አንሥቶ መላክ። ሳምንት ይሞክረዋል። ካልሠራ ይቀይሩታል። የክኒኑም ነገር እንዲሁ ነው፦ የስልክ አላርም፣ የየቀኑ ክፍል ያለው የክኒን ሣጥን፣ እርስዎ ደግሞ ማታ ሣጥኑን ብቻ ማየት። ልጅዎ «ዋጥክ ወይ?» መባል የሚሰለችበት ዕድሜ ላይ ነው።

ስክሪኑን አይፍሩት። ብልጭ ድርግም የሚል ብርሃን የሚቀሰቅስባቸው የሚጥል ሕመም ካለባቸው 100 ሰዎች 3 ያህሉ ብቻ ናቸው። በወጣትነት በሚጀምሩ አንዳንድ ዓይነቶች ቁጥሩ ከፍ ስለሚል፣ የልጅዎ ኢኢጂ (የአንጎልን የኤሌክትሪክ እንቅስቃሴ የሚያሳየው ምርመራ) በብርሃን ተሞክሮ እንደሆነ ሐኪሙን ይጠይቁ። ከስክሪኑ ይልቅ እኔን የሚያሳስበኝ እንቅልፍ ማጣት ነው። እሱ መጣልን በደንብ ይቀሰቅሳል፣ ትኩረትንም ይበላል። ስልኩ ማታ ከመኝታ ክፍሉ ውጪ ይደር።

ከሥልጠናው በፊት ግን ሐኪሙ ሌላውን ምክንያት ያጣራ። በዓይን የማይታይ ትንንሽ መጣል ይኖር ይሆን? በአንዳንድ ልጆች ላይ ሌቬቲራሴታም ብስጭት ያመጣል፤ ቶፒራሜትና ፊኖባርቢታል የሚባሉት ሌሎች የሚጥል ሕመም መድኃኒቶች ደግሞ አእምሮን ሊያዘገዩ ይችላሉ። እባክዎ መድኃኒቱን በራሳችሁ አታቁሙት፤ ድንገት ማቆም ከባድ መጣል ሊያመጣ ይችላል። ኤዲኤችዲ የሚባለው የትኩረት ችግርም በእነዚህ ልጆች ላይ በብዛት ስለሚታይ ይመርመር። ጭንቀትና ድባቴም እንደዚያው። «ሆድህ ውስጥ ምን አለ?» ብለው ሁለታችሁ ብቻ ስትሆኑ ይጠይቁት። መኖር አስጠላኝ ካለ በየትኛውም ሰዓት ወደ 988፣ ራስን ማጥፋትን ለመከላከል ወደተዘጋጀው የእርዳታ ስልክ፣ ይደውሉ።

ትምህርት ቤቱም ድርሻ አለው። «504 ፕላን» የሚባለው፣ የጤና ችግር ላለበት ተማሪ የሚወጣ የድጋፍ ዕቅድ፣ እንዲዘጋጅለት በጽሑፍ ይጠይቁ። የፈተና ተጨማሪ ሰዓት፣ በጽሑፍ የሚሰጥ መመሪያ፣ በትንንሹ የተከፋፈለ ሥራ በዚያ በኩል ሊፈቀድለት ይችላል። ቴራፒስቱ ኦሃዮ ወይም ሌላ ስቴት ከሆነ፣ ሜሪላንድ ላለ ልጅ የመሥራት ፈቃድ እንዳለውና ኢንሹራንሳችሁ እንደሚሸፍነው አስቀድመው ያረጋግጡ። እንግሊዝኛው ከከበደዎት ሆስፒታሉም ትምህርት ቤቱም ያለ ክፍያ አስተርጓሚ የማቅረብ ግዴታ አለባቸው። ቀጠሮ ሲይዙ «የአማርኛ አስተርጓሚ እፈልጋለሁ» ይበሉ። ልጁ ስለ ራሱ ችግር የሚባለውን እየሰማ ለእናቱ እንዲያስተረጉም አይደረግም።