አዲስ ልብ ወለድ ከመጀመራችሁ በፊት

ልጆች፣ አዲስ ልብ ወለድ ወጣ ሲባል ቶሎ እጃችሁ ለማስገባት እንደምትቸኩሉ አውቃለሁ። ጉጉቱ መልካም ነው፤ ሰውን አንባቢ የሚያደርገው እሱ ነው። የምለምናችሁ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ጉጉታችሁን ሌላ ሰው አይንዳው። የምታነቡትን ራሳችሁ ምረጡ።

ለምን እንዲህ እንደምል ሒሳቡን አብረን እንየው። 300 ገጽ ያለው ልብ ወለድ በየገጹ 250 ቃል ቢይዝ በድምሩ 75,000 ቃል ይሆናል። ሳይጣደፍ የሚያነብ ሰው በደቂቃ 150 ቃል ቢያነብ 500 ደቂቃ ይፈጅበታል። በቀን ግማሽ ሰዓት ለንባብ ለሚሰጥ ሰው ይህ የ17 ቀን ሥራ ነው። በዓመት 21 መጽሐፍ፣ በ50 ዓመት ደግሞ ከሺህ ትንሽ ቢያልፍ ነው፤ ያውም አንድም ቀን ሳይዘል። አንዱን መጽሐፍ ስታነሡ ሌላውን እየተዋችሁ ነው።

ስለዚህ በመጀመሪያዎቹ ወራት ጫጫታ አትወሰዱ። ወረት ነው፤ ያልፋል። ሦስት ወር ቆይታችሁ ስለ መጽሐፉ አሁንም የሚነጋገሩ ሰዎች ካሉ፣ የሚሉት ነገር በመጀመሪያው ሳምንት ከተባለው ይልቅ ይጠቅማችኋል። የጀርባ ሽፋን ላይ ያለውን ሙገሳ ደግሞ ማስታወቂያ መሆኑን አውቃችሁ አንብቡት። የሚመርጠው አሳታሚው ነው፤ ከረጅም አስተያየት ውስጥ አንዲት የምታምር ሐረግ ተቆርጣ ልትወጣ ትችላለች።

ሽልማትም ቢሆን ምን እንደሚሸልም ለይታችሁ ዕወቁ። ከ1901 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የሚሰጠው የኖቤል የሥነ ጽሑፍ ሽልማት በአብዛኛው የደራሲን የዕድሜ ልክ ሥራ የሚያከብር ነው። ስለዚህ ሽፋኑ ላይ «የኖቤል ተሸላሚ» ቢል ያ መጽሐፍ ራሱ ተሸለመ ማለት አይደለም። በ1969 እ.ኤ.አ. የተጀመረው ቡከር የተባለው የብሪታኒያ ሽልማት ግን ለአንድ ልብ ወለድ ይሰጣል፤ ከአሸናፊው በፊትም የስድስት መጻሕፍት ዝርዝር ይወጣል። እኔ ከአሸናፊው ይልቅ ዝርዝሩን እመክራለሁ። አሸናፊው ዳኞች ሊስማሙበት የቻሉት መጽሐፍ ነው። አንዱ ዳኛ አጥብቆ የወደደው፣ ሌላው አጥብቆ የተቃወመው ከቀሩት አምስት መካከል ሊሆን ይችላል፤ ለእናንተ የተጻፈውም እሱ ሊሆን ይችላል።

ዋናው ፈተና ግን ገጹ ነው። አሥር ደቂቃ ስጡት። የመጀመሪያውን ገጽ አንብቡ። ቀጥሎ የመጽሐፉ ሲሶ አካባቢ ሂዱ፤ 300 ገጽ ከሆነ መቶኛው ላይ ማለት ነው። መጀመሪያው ገጽ ብዙ ጊዜ ተጽፎ ተሰርዟል፤ የደራሲው የዘወትር እጅ የሚታየው ግን መሐል ላይ ነው። ሦስተኛ፣ ሰዎች የሚነጋገሩበትን አንድ ገጽ ፈልጉ። ወደ መጨረሻዎቹ ሃምሳ ገጾች አትጠጉ።

ምልልሱ ላይ ብዙ ነገር ይጋለጣል። አንድ ወንድም ለወንድሙ እንዲህ ሲል አገኛችሁ እንበል፤ «እንደምታውቀው አባታችን ከሞቱ ሦስት ዓመት ሆኗቸዋል፤ ቤቱንም የወረስነው አንተ፣ እኔና ታናሽ እህታችን ነን።» ሰሚው ይህን ሁሉ ያውቃል። የተነገረው ለእኛ ነው፤ ደራሲው መረጃ ሊያቀብለን ፈልጎ የሰውየውን አፍ ተውሷል። ሌላ ደራሲ ደግሞ «ቁልፉ አሁንም እሷ ጋ ነው?» ብሎ ያስጠይቀዋል። ቤት እንዳለ፣ ሦስተኛ ሰው እንዳለች፣ ያልተፈታ ቅሬታ እንዳለ እንገምታለን፤ ገጹንም ለማረጋገጥ እንገልጣለን። ሦስቱም ገጾች የመጀመሪያው ዓይነት ከሆኑ መጽሐፉን መልሱት። አንድ ገጽ ላይ ብቻ ካጋጠማችሁ ግን አትፍረዱ፤ ጎበዝ ደራሲም አንዳንዴ ይደክማል።

ከጀመራችሁ በኋላስ መቼ ነው የምትተዉት? ሃምሳ ገጽ ጥሩ ወሰን ነው፤ ከ500 ገጽ በላይ ለሆነ መጽሐፍ እስከ ሰማንያ ልትሄዱ ትችላላችሁ። ከመተዋችሁ በፊት ግን ያስቆማችሁን ምክንያት ለዩ፤ ብዙ ጥሩ መጻሕፍት ያለ ጥፋታቸው የሚጣሉት እዚህ ላይ ነውና። አንዳንዴ ችግሩ የስም ብዛት ነው። አንድ ወረቀት ዕልባት አድርጉና የእያንዳንዱን ገጸ ባሕርይ ስም፣ ከማን ጋር ምን እንደሆነና መጀመሪያ የታየበትን ገጽ ጻፉበት። ታሪኩ በጊዜ ወደ ኋላና ወደ ፊት የሚዘል ከሆነ ከምዕራፉ ቁጥር አጠገብ ገጸ ባሕርይው በዚያን ጊዜ ስንት ዓመቱ እንደሆነ አስፍሩ። ብዙ «ከባድ» የሚባሉ ልብ ወለዶች በዚህች ወረቀት ይከፈታሉ። አንዳንዴ ደግሞ የደከመው አንባቢው ነው፤ ሌሊት በእንቅልፍ ዓይን አንድ አንቀጽ ሦስት ጊዜ የሚደግም ሰው ሰዓቱን ይለውጥ እንጂ መጽሐፉን አይውቀስ። ሁለቱም ካልሆነ፣ ሰዎቹ ምንም ቢሆኑ ግድ የማይሰጣችሁ ከሆነ፣ ያለ ጸጸት ዝጉት። ለምን እንደተዋችሁት ግን በአንድ ዓረፍተ ነገር ጻፉ። «አልወደድኩትም» አይበቃም፤ «ተራኪው ሁሉን ስለሚያብራራልኝ የማስበው ነገር አጣሁ» ይበቃል።

በአንድ ጊዜ ሦስት ልብ ወለድ አትጀምሩ። የአንዱ ሰዎች ከሌላው ጋር ይደባለቁባችሁና ሦስቱም ግማሽ ላይ ይቀራሉ። ሁለት ማንበብ ካሻችሁ አንዱ ረጅም ልብ ወለድ፣ ሌላው የአጫጭር ልብ ወለዶች ስብስብ ይሁን። በዓመት ይህን ያህል መጽሐፍ እጨርሳለሁ ብሎ መፎከርም አይበጅም። ቁጥሩ ቀጫጭኑን ያስመርጣችኋል፣ የመልክዓ ምድር ገለጻ ያስዘልላችኋል፤ ተመልሶ መነበብ ያለበትን ምዕራፍ እንዳትመለሱበትም ያደርጋል።

ትርጉም ሥራ ስትይዙ የተርጓሚውን ስም ፈልጉ፤ ከየትኛው ቋንቋ እንደተረጎመውም እዩ። ከመነሻው ቋንቋ ሳይሆን በሌላ ቋንቋ በኩል የመጣ ከሆነ ሁለት እጅ አልፏል፤ የቀልዱና የምልልሱ ለዛ መንገድ ላይ ሊሳሳ ይችላል። ወደ እንግሊዝኛ ለተተረጎሙ ሥራዎች የሚሰጠው ዓለም አቀፉ የቡከር ሽልማት ከ2016 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ገንዘቡን ለደራሲውና ለተርጓሚው እኩል የሚያካፍለው ያለ ነገር አይደለም። የወደዳችሁትን ተርጓሚ ስም ያዙ፤ እሱ የመረጣቸው ሌሎች ደራስያን ከማታውቁት በር ያስገቧችኋል።

ለአንድ አዲስ ልብ ወለድ አንድ የቆየ ብታነቡ እወዳለሁ። የቆየውን ብዙ ትውልድ አንብቦ አጣርቶታል። አዲሱን ግን እናንተ ናችሁ የምታጣሩት፤ የመጀመሪያ መጽሐፉን ያሳተመ ደራሲ በጥሞና የሚያነበው ካጣ ሁለተኛውን ላይጽፍ ይችላልና ይህን ኃላፊነት አታቅልሉት።

በመጨረሻ፣ አንድ ደብተር ያዙ። ለእያንዳንዱ መጽሐፍ አራት መስመር ይበቃል፤ የጨረሳችሁበት ወይም የተዋችሁበት ቀን፣ አንድ ዓረፍተ ነገር ከነገጹ፣ ያላመናችሁት አንድ ነገር፣ እና መጽሐፉ በምን በኩል እንደደረሳችሁ፦ በጓደኛ፣ በሽልማት፣ በወሬ ወይስ በራሳችሁ የገጽ ፈተና። የሰው ሂስ የምታነቡት ይህን ከጻፋችሁ በኋላ ነው። ስድስት ወር ሲያልፍ መጽሐፉን ሳትከፍቱ የሚታወሳችሁን በአምስተኛ መስመር ጨምሩ። ሃያ መጻሕፍት ሲሞሉ አራተኛውንና አምስተኛውን መስመር አስተያዩ። በአንዱ በኩል የመጡት ሁሉ የገጸ ባሕርያቸው ስም እንኳ ከጠፋባችሁ፣ ያ መንገድ ለእናንተ አይሆንም፤ ተዉት።