መልስ፦ የድሮ ፕላስቲክ ቀለህ መልሶ ይሞላል ወይ?

አይሞላም ወንድሜ። ቀለህ ማለት ባሩዱንና አረሩን (ተተኩሶ የሚወጣውን ጫፍ) የሚይዘው የጥይቱ ገላ ነው። ከአማችህ የወረስከው የ.38 ስፔሻል የሽጉጥ ጥይት ገላው ፕላስቲክ፣ ታቹ አሉሚኒየም ነው ብለሃል። እንዲህ ያለው እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ አሜሪካ ውስጥ ይሸጥ ነበር። አንዴ ተተኩሶ እንዲጣል ነው የተሠራው።

የናስ ቀለህ ሲተኮስ ይለጠጣል። ቀለህ ወደ ልኩ የሚመልሰው ማስተካከያ ቅርጽ ውስጥ ስትጫነው ወደ ልኩ ይመለስና እዚያው ይረጋል። ፕላስቲክ ግን ስትለቀው ተመልሶ ይነፋል፤ አፉም አረሩን ጠበቅ አድርጎ አይዝም። አረሩ ከላላ ባሩዱ በደንብ አይቃጠልም፣ አረሩም በርሜል ውስጥ ተሰንቅሮ ሊቀር ይችላል። የተተኮሰውን ባዶ ቀለህ አንስተህ ፕላስቲኩና አሉሚኒየሙ የሚገናኙበትን መስመር በደንብ እየው። ያረጀ ፕላስቲክ ሲደርቅ መሰንጠቅ የሚጀምረው ብዙ ጊዜ እዚያ ነው።

አንድ የተለየ ነገር አለ። ስፒር የተባለው የአሜሪካ ጥይት አምራች ለቤት ውስጥ ልምምድ የሠራው ቀለሁም አረሩም ፕላስቲክ የሆነው ዓይነት እየተሞላ ተደጋግሞ ይተኮሳል። ግን የሚተኮሰው በካፕሱል (ቀለሁ ታች ላይ ሲመታ እሳት በሚያወጣው ትንሽ ክፍል) ኃይል ብቻ ነው፤ ባሩድ ቅንጣት እንኳ አይገባበትም። ሁለቱን እንዳታምታታ፣ አደራ!

ካየሁት ልንገርህ፦ በአሮጌ ጥይት ስትተኩስ ድምፁ ደከም ካለብህ ቀጣዩን እንዳትተኩስ። አፈሙዙን ወደ ኢላማው እንዳዞርክ ትንሽ ቆይ፣ ጥይቱን በሙሉ አራግፍ፣ ከዚያ በርሜሉ ክፍት መሆኑን አረጋግጥ። አረር የተወተፈበት በርሜል ላይ ሌላ ከተኮስክ ሽጉጡ እጅህ ላይ ሊፈነዳ ይችላል።

ለመሙላት የናስ ቀለህ ግዛ። ያልተከፈተ ካርቶን ካለህ ደግሞ አትተኩሰው፤ ጥይት ሰብሳቢዎች ይፈልጉታል።