ማኅደሩ የተቃጠለበት ቁስለኛ ፐርፕል ሃርት መጠየቅ ይችላል?

ጥያቄ፦ የባለቤቴ አባት አሜሪካዊ ናቸው፤ ዕድሜያቸው 93 ነው። በ1951 የጸደይ ወራት በኮሪያ ግንባር የሞርታር ፍንጣሪ ጭናቸውን መታቸው። አንድ የሕክምና ወታደር ቁስሉን አሰረላቸው፤ ከግንባር ጀርባ ወደነበረው የሕክምና ጣቢያ ተወስደው ከጥቂት ቀናት በኋላ ወደ ሻምበላቸው ተመለሱ። ብረቱ ዛሬም እግራቸው ውስጥ አለ፤ በጠላት ለቆሰሉ የአሜሪካ ወታደሮች የሚሰጠውን የፐርፕል ሃርት ሜዳልያ ግን አላገኙም። ማኅደራቸውን ስንጠይቅ በ1973 ቃጠሎ ሳይወድም እንዳልቀረ ተጻፈልን። የስንብት ወረቀታቸው ላይ ደግሞ በጠላት ስለ መቁሰል በሚጠይቀው ቦታ «የለም» ተብሎ ተሞልቷል። ባለቤቴ «ከኢንተርኔት ገዝተን ለልደታቸው እንስጣቸው» ይላል። ሕጋዊ መንገድ አለ?
ወይዘሮ ሰ.፣ ከሜሪላንድ

መልስ፦ ወይዘሮ ሰ.፣ መንገድ አለ። ፐርፕል ሃርት እንደ ጀግንነት ሜዳልያዎች በአዛዥ መልካም ፈቃድ የሚሰጥ ሽልማት አይደለም። መስፈርቱን ላሟላ ቁስለኛ የሚገባ መብት ነው፤ ጥያቄውም ዓመታት ስላለፉ ብቻ አይዘጋም። የሚያስቸግረው ማስረጃው ነው። (የምጠቅሳቸው ዓመታት በሙሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

በመጀመሪያ ስለ ቃጠሎው። የተጻፈላችሁ መልስ ሰበብ አይደለም። ጁላይ 12 ቀን 1973 በሴንት ሉዊስ አቅራቢያ የሚገኘው የወታደሮች መዝገብ ማዕከል ስድስተኛ ፎቅ ነድዶ ከ16 እስከ 18 ሚሊዮን የሚገመቱ ማኅደሮች ወድመዋል። ከ1912 መጨረሻ እስከ 1960 መግቢያ ድረስ ከምድር ጦር ከተሰናበቱት ሰዎች ማኅደር 80 በመቶ ያህሉ የጠፋው ያኔ ነው። ቅጂ አልነበረም፤ ማይክሮፊልም አልነበረም፤ የትኛው ማኅደር በየትኛው መደርደሪያ ላይ እንደነበረ የሚያሳይ ሙሉ ዝርዝር እንኳ አልነበረም። ማዕከሉ «ተቃጥሏል» ብሎ በእርግጠኝነት ከመናገር ይልቅ «ሳይቃጠል አልቀረም» የሚለውም ለዚህ ነው። ከእሳቱ የተረፉ፣ ጠርዛቸው የከሰለና ውኃ የነካቸው ማኅደሮች አሉ። የሰውየው ማኅደር ጨርሶ ባይገኝም ማዕከሉ ከሌሎች ሰነዶች፣ ለምሳሌ ከመጨረሻው የደመወዝ መክፈያ ሰነድ፣ ሌላ ማኅደር እንደገና ያደራጃል። ስለዚህ ያ መልስ የጉዳዩ መዝጊያ አይደለም። አዲስ ጥያቄ ስታቀርቡ ማኅደሩ እንደገና እንዲደራጅ ብላችሁ በግልጽ ጠይቁ፤ ማዕከሉ ለዚሁ የተዘጋጀ ቅጽ አለው።

የተቃጠለው የሰውየው የግል ማኅደር ነው። ሠራዊት ግን አንድን ወታደር በአንድ ቦታ ብቻ አይመዘግብም። ሞኝና ወረቀት የያዙትን አይለቁም ይባላል፤ የእናንተ ሥራ አሁን ያ ያልለቀቀ ወረቀት የት እንዳለ ማግኘት ነው።

ምን እንደምትፈልጉ ለማወቅ መስፈርቱን ማወቅ ይገባል። ሦስት ነገሮች አንድ ላይ መረጋገጥ አለባቸው፦ ጉዳቱ በጠላት ድርጊት የደረሰ መሆኑ፣ የሕክምና ባለሙያ ሕክምና ያስፈለገው መሆኑ፣ ሕክምናውም በይፋ ሰነድ የተመዘገበ መሆኑ። አብዛኛው ጥያቄ የሚወድቀው በሦስተኛው ላይ ነው። ጥያቄውን የሚመረምረው ቦርድ ሰውየው ዋሽተዋል ብሎ አይደለም፤ ሐኪም እንዳያቸው የሚናገር ወረቀት ስላላየ ነው። የሚቆጠረውንም ከማይቆጠረው ለዩ። በሽታ አይቆጠርም፤ የአእምሮ ጭንቀት አይቆጠርም፤ በኮሪያ ብርድ ብዙዎች የተጎዱበት ውርጭም፣ ለጥንቱ ዘመን የተተወ ጠባብ ልዩ ሁኔታ ቢኖርም፣ በአሁኑ ደንብ አይቆጠርም። የሞርታር ፍንጣሪ ግን አከራካሪ አይደለም፤ በዚህ በኩል ጉዳያችሁ ጠንካራ ነው።

ፍለጋውን በአያትየው፣ ማለትም በባለቤትዎ አባት፣ የወታደር መለያ ቁጥር ጀምሩ። በዚያ ዘመን ሰነድ የሚገኘው ከስም ይልቅ በቁጥር ነው፤ ቁጥሩም የስንብት ወረቀታቸው ላይ አለ። ከዚያ የነበሩበትን ክፍል እስከ ሻምበሉ ድረስ ዝቅ ብላችሁ እወቁ፤ ሬጅመንቱን ብቻ ማወቅ አይበቃም። ምክንያቱ የጠዋት ሪፖርት የሚባለው ሰነድ ነው። እያንዳንዱ ሻምበል በየማለዳው አንድ ገጽ ያህል ይጽፍ ነበር። ገጹ ሰውን ሁሉ አይዘረዝርም፤ ሁኔታው የተለወጠውን ብቻ ይመዘግባል፦ ማን ቆሰለ፣ ማን ወደ ሕክምና ሄደ፣ ማን ወደ ሥራ ተመለሰ። አያትየው ከሻምበላቸው ርቀው ለጥቂት ቀናት የቆዩ ከሆነ የሻምበሉ ጸሐፊ ሁለት መስመር ጽፎላቸው ሊሆን ይችላል፤ አንዱ ሲሄዱ፣ አንዱ ሲመለሱ። እነዚህ ሪፖርቶች ከግል ማኅደሮች ተለይተው የተቀመጡ ናቸው። ነገር ግን «1951 በሙሉ ይፈተሽልን» ብትሉ ጥያቄው ይመለሳል። ወሩን ማጥበብ አለባችሁ፤ ለዚህም ቁጭ ብላችሁ አስታውሷቸው። በረዶው ቀልጦ ነበር ወይ? የትኛው ኮረብታ ነበር? አዲስ አዛዥ መጥቶ ነበር? ለቤተሰብ የጻፉት ደብዳቤ ካለ ቀኑ ላይኛው ጥግ ላይ ይገኛል።

ሁለተኛው ብዙ ሰው የማያውቀው ምንጭ ነው። በ1988 ለማዕከሉ አሥር ሚሊዮን ያህል የሆስፒታል መግቢያ መዝገቦችን የያዙ የኮምፒውተር ቴፖች ተላልፈዋል። ቀድሞ የምድር ጦሩ ዋና ሐኪም ቢሮ ያዘጋጃቸው ሲሆኑ ከ1942 እስከ 1945 እና ከ1950 እስከ 1954 ያለውን ጊዜ ይሸፍናሉ። ሁሉንም ሰው አይዙም፤ ከያዙ ግን የሕክምናውን መስፈርት ባንድ መስመር ያሟሉላችኋል። ሦስተኛው ብሔራዊ ቤተ መዛግብቱ በኢንተርኔት ያለ ክፍያ የሚያስፈትሸው የኮሪያ ጦርነት የምድር ጦር ሙታንና ቁስለኞች ዝርዝር ነው። ይህን ዛሬ ማታ ቤታችሁ ሆናችሁ መፈተሽ ትችላላችሁ፤ በስሙ አጻጻፍ ስሕተት እንዳያመልጣችሁ በመለያ ቁጥሩም ሞክሩ።

አያትየው በ1950ዎቹ ከቀድሞ ወታደሮች ጉዳይ መሥሪያ ቤት የአካል ጉዳት ካሣ ጠይቀው ያውቃሉ? ይህን ሳትጠይቋቸው እንዳታልፉ። የዚያ መሥሪያ ቤት ፋይል በሴንት ሉዊስ አልነበረም። በዚያን ጊዜ የመረመራቸው ሐኪም «በጭን ላይ የፍንጣሪ ጠባሳ» ብሎ ጽፎ ከሆነ፣ ሜዳልያ ይጠየቅበታል ተብሎ ከመታሰቡ ብዙ ዓመታት በፊት የተጻፈ ነውና ክብደቱ ከዛሬ ወረቀት ጋር አይነጻጸርም። ዛሬ የሚነሣው ራጅ ብረቱን ያሳያል፤ ብረቱ መቼና በማን እንደገባ ግን አይናገርም። አያይዙት፤ ብቻውን ግን አትተማመኑበት። መሥሪያ ቤቱ ጉዳቱን ከአገልግሎት ጋር የተያያዘ ነው ብሎ ካሣ መክፈሉም ለሜዳልያው ብቻውን አይበቃም፤ ሁለቱ መሥሪያ ቤቶች የሚጠቀሙበት መለኪያ የተለያየ ነው።

ስለ ምስክር። በሕይወት ያለ የሻምበል ጓድ ከተገኘ ወርቅ ነው። ቃሉን ግን ራሱ ይጻፈው። ሦስት ምስክሮች አንድ ዓይነት ዓረፍተ ነገር፣ ያውም የጠበቃ ዓረፍተ ነገር፣ ፈርመው ሲልኩ አይቻለሁ፤ እንዲህ ያለው ምስክርነት ከማጠናከር ይልቅ ጥርጣሬ ይጭራል። በየትኛው ክፍል እንደነበረ፣ ከቁስለኛው በምን ያህል ርቀት እንደቆመ፣ በዓይኑ ያየውንና በኋላ የሰማውን ለይቶ ይጻፍ። የረሳውን ረስቻለሁ ቢል ይታመናል።

አሁን ወደዚያች «የለም» የምትል ቃል። ሕጉ የመንግሥት ሰነድ በትክክል ተሞልቷል ብሎ ይገምታል፤ ግምቱን የማፍረስ ሸክም በአመልካቹ ላይ ነው። አያትየው በራሳቸው ቃል ያስረዱ። ወረቀቱን የሞላው ጸሐፊ ግንባር ላይ አልነበረም፤ የሞላው በፊቱ ከነበረው ማኅደር ነው፤ እርሳቸውም ወደ ቤት የሚሄዱበትን ወረቀት ሲፈርሙ ቦታዎቹን አንድ በአንድ ላያነብቡ ይችላሉ። እውነቱ ይህ ከሆነ ሳያስውቡ ይጻፉት። ዝም ብሎ ማለፍ ግን ይጎዳል፤ ቦርዱ መጀመሪያ የሚያየው እርሱን ነው።

ማስረጃው ሲሰበሰብ ጥያቄው መጀመሪያ ፎርት ኖክስ፣ ኬንታኪ ወዳለው የምድር ጦር የሰው ኃይል አዛዥ መሥሪያ ቤት የሽልማት ክፍል ይቀርባል። እዚያ ካልተሳካ «ዲዲ 149» በሚባለው ቅጽ ለምድር ጦር መዝገብ ማረሚያ ቦርድ ማመልከቻ ይቀርባል። ክፍያ የለውም። ሕጉ ስሕተቱ ከታወቀ በሦስት ዓመት ውስጥ ይቅረብ ይላል፤ ነገር ግን ለፍትሕ ሲባል ቦርዱ ገደቡን ሊያነሣ ይችላል፤ ማኅደሩ በመንግሥት እጅ ሳለ መቃጠሉን የምትጠቅሱት እዚህ ላይ ነው። ቦርዱ ውድቅ ቢያደርግ ከዚህ በፊት ያልቀረበ ማስረጃ ይዞ ድጋሚ እንዲታይ መጠየቅ ይቻላል። ስለዚህ የጠዋት ሪፖርቱ እስኪመጣ ድረስ ሳትቸኩሉ፣ በእጃችሁ ያለውን ሁሉ አንድ ላይ አድርጋችሁ ብታስገቡ ይሻላል። የቀድሞ ወታደሮች ማኅበራት በነጻ የሚረዱ ፈቃድ ያላቸው ወኪሎች አሏቸው። «ሜዳልያውን አስወጣለሁ» ብሎ ገንዘብ የሚጠይቅ ሰው ቢመጣ በሩን ዝጉ።

ከዚያ በኋላ የሚቀረው የፌዴራል ፍርድ ቤት ነው። በጁን 1951 በኮሪያ በሞርታር ፍንጣሪ የቆሰሉ አንድ የሚኒሶታ አዛውንት ያከማቸው ሕክምና ወታደር ሰነዱን ሳያስገባ ሳይገደል አልቀረም ብለው ያምኑ ነበር። ምድር ጦሩ ሰነድ የለም ብሎ ሲከለክላቸው በ2023 ከሰሱ፤ በ2024፣ በ96 ዓመታቸው ሜዳልያውን ተቀበሉ። ታሪካቸው ከአያትየው ታሪክ ጋር እጅግ ይቀራረባል። የምክር ቤት ተወካያችሁም ጉዳዩ የት እንደደረሰ ሊጠይቅላችሁ ይችላል፤ ውሳኔውን አይለውጥም፣ የተረሳን ፋይል ግን ከመሳቢያ ያስወጣል።

ስለ ባለቤትዎ ሐሳብ፦ አልመክርም። የእነዚህ ሜዳልያዎች ሽያጭና ግዢ ራሱ በሕግ የተገደበ ነው። በ2013 የወጣው ሕግ ደግሞ ያልተሸለሙትን ተሸልሜአለሁ ብሎ ገንዘብ ወይም ሌላ ጥቅም ለማግኘት ማታለልን ወንጀል ያደርገዋል። ማንም አያትየውን በአታላይነት አይጠረጥራቸውም፤ ሆኖም እውነተኛ ጥያቄ በቦርድ ፊት ባለበት ሰዓት የተገዛ ሜዳልያ ደረት ላይ ተሰክቶ ፎቶግራፍ መነሣት ለእናንተም አያምርም። ጥቅም ካልን ሜዳልያው የገንዘብ ክፍያ የለውም፤ በቀድሞ ወታደሮች የጤና አገልግሎት ግን ቢያንስ በሦስተኛው የቅድሚያ ምድብ ያስመድባል።

የቃኘው ሻለቃ ዘማቾች ልጆችም ይህንኑ ጥያቄ ስለሚያነሡ በዚሁ ላንሣው። አባቶቻችን በኮሪያ ከአሜሪካው ሰባተኛ ክፍለ ጦር ጋር ተሰልፈው ቢዋጉም ቢቆስሉም ፐርፕል ሃርት ለአሜሪካ ጦር አባላት የተወሰነ ነውና በዚህ መንገድ መጠየቅ አይቻልም።

የመጨረሻው ነገር ፊርማ ነው። አያትየው በሕይወት እስካሉና አእምሮአቸው እስከተስተካከለ ድረስ ማመልከቻውን የሚፈርሙት ራሳቸው ናቸው። በዚህ ሳምንት የራሳቸውን መግለጫ በቃለ መሐላ ያስፈርሟቸው፤ ሌላው ሰነድ ወራት ቢወስድም ይጠበቃል። ባለቤትዎም ሕጋዊ የውክልና ሥልጣን ይያዝላቸው። ካረፉ የትዳር ጓደኛ ወይም ወራሽ መቀጠል ይችላል፤ ያን ጊዜ ግን ኮረብታው የትኛው እንደነበረ የሚነግራችሁ አይኖርም።