ጨጓራ መስሎን ነበር

ልጆቼ፣ 30 ዓመት ገደማ በትምህርት ቤት አማካሪነት ሠርቼ ጡረታ ወጥቻለሁ። በዚህ ሁሉ ጊዜ ቢሮዬ ገብቶ "ጭንቀት ይዞኛል" ብሎ የጀመረ ተማሪ ትዝ አይለኝም። "ሆዴን ቆረጠኝ" ነው የሚለው። ወይ "ራሴን ያመኛል"፣ ወይ "እንቅልፍ እምቢ አለኝ"።

አንድ የ11ኛ ክፍል ልጅ ነበር፣ ቀለሜ የሚባል ዓይነት። የሒሳብ ፈተና በደረሰ ቁጥር ሆዱን ይቆርጠዋል። እናቱ "ጨጓራ ነው" ብላ በርበሬ ከለከለችው፣ ተልባ አጠጣችው። እኔም አምኜ የፈቃድ ወረቀት እጽፍለታለሁ። ታዲያ ከግቢው ሳይወጣ ሕመሙ ይተወዋል። ይህን ከጥበቃው ስሰማ ነው የነቃሁት። ለካ ሕመሙን የምቀልበው እኔ ነበርኩ።

ከሚያስፈራን ነገር ስንሸሽ ወዲያው እፎይ እንላለን። ችግሩ ያቺ እፎይታ ናት። አእምሯችን "የዳንኩት ስለሸሸሁ ነው" ብሎ ይይዛታል። በሚቀጥለው ጊዜ ፍርሃቱ ቀድሞም ብሶም ይመጣል። ሽሽት ደግሞ ከክፍል መውጣት ብቻ አይደለም። መጽሐፍ ገልጦ ቲክቶክ ላይ ማምሸትም ሽሽት ነው። ስለ ጫት ብዙ አልልም፤ ከእኔ ይልቅ እናንተ ታውቃላችሁ።

ግን ጎበዝ ልጅ ከፈተና ለምን ይሸሻል? ቀስ ብዬ ሳወራው ገባኝ። ዘመድ ሲመጣ "የኛ ዶክተር" እየተባለ ነው ያደገው። ከውጤቱ ሌላ ስለ ራሱ የሚያውቀው ነገር አልነበረም። ስለዚህ አንድ ፈተና ቢበላሽ ውጤቱ ሳይሆን እሱ ራሱ የሚበላሽ ይመስለዋል። እኔም "አንተን ደግሞ ምን ያቅትሃል!" እያልኩ ሸክም ጨምሬበታለሁ። ማበረታታት መስሎኝ።

አሜሪካዊው የማኅበረሰብ ጥናት ባለሙያ ሞሪስ ሮዘንበርግ በኒውዮርክ ግዛት ከ5,000 በላይ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎችን አጥንቶ ነበር። ሰው ለራሱ ያለውን ግምት ለመለካት በ1965 እ.ኤ.አ. ያሳተመው 10 ዓረፍተ ነገር ያለው መለኪያ ዛሬም በብዙ አገር ይሠራበታል። ለራሳቸው ዝቅ ያለ ግምት ያላቸው ልጆች ራስ ምታት፣ የእጅ መንቀጥቀጥ፣ እንቅልፍ ማጣት ይበዛባቸው ነበር። የሆድ ቁርጠት ነገራችን እንግዲህ አዲስ አይደለም። ሮዘንበርግ ለራስ ጥሩ ግምት ሲል "ከሌላው እበልጣለሁ" ማለቱ አልነበረም። ጉድለቴን እያወቅኩም እንደ ሰው ዋጋ አለኝ ማለቱ ነው። ጭንቀቱም በተራው ይህን ግምት ይሸረሽራል፤ የትኛው እንደቀደመ መለየት ያስቸግራል።

የእናንተ ጊዜ ከባድ መሆኑን አልክድም። ጥቅምት 2015 በተሰጠው የ12ኛ ክፍል ፈተና 50 ከመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት ከተፈታኞቹ 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። የቀሩት ሁሉ ከንቱ ናቸው? "ሰው ምን ይለኛል" የምትለዋ ይሉኝታ ግን እንዲህ ያለ ሒሳብ አይገባትም።

ላዛረስና ፎክማን የተባሉ የሥነ ልቦና ባለሙያዎች በ1984 እ.ኤ.አ. ጭንቅን የምንቋቋምባቸውን መንገዶች በሁለት ከፍለዋል። አንዱ ለችግሩ ለራሱ መላ መፈለግ፣ ሌላው ስሜትን ማብረድ ነው። ወጣት የሚመክር ሰው አብዛኛውን ጊዜ የመጀመሪያውን ብቻ ያሞግሳል። እኔ አልስማማም። ያልገባህን ምዕራፍ ቆራርሰህ ታጠናዋለህ። የአባትህን ሕመም ግን አጥንተህ አትጨርሰውም። ያኔ ማልቀስ፣ መጸለይ፣ ለጓደኛ መተንፈስ ሽሽት አይደለም።

ጭንቀቱ ሳምንታት ከዘለቀ፣ ምግብና እንቅልፍ ከነሳችሁ ሐኪም ዘንድ ሂዱ። ሞትን ካሳሰባችሁ ደግሞ ነገ አትበሉ፤ ለምታምኑት ትልቅ ሰው ዛሬውኑ ተናገሩ። አማኑኤል ሆስፒታል የታየ ሁሉ "አብዷል" የሚባለው የሰፈር ወሬ ነው። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም።

ከልጁ ጋር አንድ ነገር ተስማማን። ሆዱን ቢቆርጠውም ፈተና ክፍል ይገባል። መጀመሪያ 10 ደቂቃ ይቀመጣል፣ ቀጥሎ ግማሹን። ስሙን ብቻ ጽፎ ቢወጣም ግድ የለኝም አልኩት። እናቱንም "ዶክተር" የሚለውን እንድትተው ለመንኳት። እሷን ማሳመን ከእሱ ይልቅ ከበደኝ። ከወር በኋላ ከ20ው 8 ያገኘበትን ወረቀት ይዞ መጣ። እየሳቀ ነው።

"ቲቸር፣ ሆዴን ቆረጠኝ፤ ግን ጨረስኩት" አለኝ።