መጀመሪያ ቁጥሩን እዩት

ልጆቼ፣ ዕድሜዬን በሒሳብ መምህርነት ነው ያሳለፍኩት። አንድ ነገር ያሳስበኛል። አንድን ቁጥር ወደ ብቸኛ ቁጥሮች (ከ1 እና ከራሳቸው በቀር አካፋይ ወደሌላቸው) ተንትኑ ስትባሉ ወይ ስልክ ታወጣላችሁ፣ ወይ ከ2 ጀምራችሁ 3፣ 5፣ 7 እያላችሁ ዝም ብላችሁ ታካፍላላችሁ። እባካችሁ፣ እስክሪብቶ ከማንሳታችሁ በፊት ቁጥሩን እዩት።

5767ን ውሰዱ። በተራ ማካፈል ካላችሁ እስከ ስኩዌር ሩቱ፣ ማለትም እስከ 75 ያሉትን ብቸኛ ቁጥሮች መሞከር ነው። ከዚያ ማለፍ አያስፈልግም። ከስኩዌር ሩቱ የሚበልጥ አካፋይ ቢኖረው እንኳ ጥንዱ የግድ ከታች ይገኛል። መልሱ ግን የሚመጣው በ21ኛው፣ በመጨረሻው ሙከራ ነው። አሁን ቁጥሩን ልብ ብላችሁ ተመልከቱ። 76 በ76 ሲባዛ 5776 ነው። የእኛ ቁጥር ከዚህ የሚያንሰው በ9 ነው፤ 9 ደግሞ 3 በ3 ነው። ስለዚህ ከ76 ላይ 3 ቀንሱ፣ በ76 ላይ 3 ደምሩ። 73 እና 79፤ አለቀ።

ዘዴው የፈረንሳዊው ፒየር ደ ፌርማ ነው። በ1643 እ.ኤ.አ. በጻፈው ደብዳቤ 2,027,651,281 የ44,021 እና የ46,061 ብዜት መሆኑን ያሳየው በዚሁ መንገድ ነው። ልዩነቱ እንደ 9 የአንድ ቁጥር ስኩዌር እስኪሆን ድረስ፣ ከስኩዌር ሩቱ በላይ ካለው ሙሉ ቁጥር ጀምሮ አንድ አንድ እየጨመሩ መሞከር ነው፤ እዚህ 12 ሙከራ ይበቃል። በተራ ማካፈል ቢሆን ከ4 ሺህ በላይ ብቸኛ ቁጥሮችን መሞከር ነበረበት። ያውም በእጅ! እኔ ይህን ባሰብኩ ቁጥር እስከ ዛሬ ይገርመኛል።

ደስ አለን ብላችሁ ግን በሁሉም ቁጥር ላይ አትጫኑት። 3027ን በፌርማ መንገድ ብትሄዱበት 451 ሙከራ ይፈጃል። ዲጂቶቹን ብትደምሩ 12 ይመጣል፤ እንግዲያው ለ3 ይካፈላል፣ የሚቀረው 1009 ብቸኛ ነው። የፌርማ ዘዴ የሚፈጥነው ሁለቱ አካፋዮች ሲቀራረቡ ነው።

የድሮ ነገር ነው ብላችሁም እንዳትንቁት። አርኤስኤ የተባለው የምስጠራ ዘዴ የቆመው ግዙፍ ቁጥርን መተንተን ከባድ በመሆኑ ላይ ነው። በ2020 እ.ኤ.አ. የተተነተነው ባለ 250 ዲጂት ቁጥር የብዙ ኮምፒውተሮችን ጉልበት በልቷል። በ2022 እ.ኤ.አ. ግን አንዳንድ ፕሪንተሮች የሠሯቸው የአርኤስኤ ቁልፎች በዚያው በፌርማ ዘዴ በቀላሉ ተፈቱ። ምክንያቱም ቁልፉ የተሠራባቸው ሁለቱ ብቸኛ ቁጥሮች በጣም ተቀራርበው ነበር።

እስቲ 8633ን እና 7091ን ሞክሩ። ከመጀመራችሁ በፊት የትኛው በየትኛው መንገድ እንደሚቀል ገምቱና ወረቀት ላይ ጻፉት።