ስትራድ አይሪናን ለምን በጉልበት አይወስዳትም?

ሰላም ወንድሜ። ስትራድ «ደንጀንስ ኤንድ ድራጎንስ» በተባለው የሚና ጨዋታ ውስጥ ያለ፣ የባሮቪያ ምድር ገዥ የሆነ ቫምፓየር (ደም መጣጭ) ነው፤ አይሪና ደግሞ እሱ የሚመኛት ወጣት ናት። «ስትራድ ይህን ያህል ኃይል ካለው አይሪናን ለምን ዝም ብሎ አይወስዳትም?» ላልከው፣ መልሱ ያለው ቅናቱ ውስጥ ነው።

ስትራድ ወጣትነቱን የጨረሰው በጦር ሜዳ ነው። ባሮቪያን ድል አድርጎ ሊያርፍ ሲል ዕድሜው ሄዷል። ያን ጊዜ ታናሽ ወንድሙ ሰርጌይ መጣ፤ ወጣት፣ መልከ መልካም። ስትራድ የወደዳት ታቲያናም የመረጠችው ሰርጌይን ነው። ስትራድ ከጨለማ ኃይሎች ጋር ተዋዋለና በሠርጉ ዕለት ወንድሙን ገደለ። እሷም ከእሱ ሸሽታ ከግንቡ ላይ ራሷን ወረወረች።

እንግዲህ ሰውዬውን የሚያንገበግበው እሷን ማጣቱ ብቻ አይደለም፣ አለመመረጡ ነው። የታቲያና ነፍስ በአይሪና ተመልሳለች። በጉልበት ቢወስዳት ያው ሽንፈት ነው የሚደገመው። ስለዚህ ወድዳ «እሺ» እንድትለው ይፈልጋል። እኔ ይህን ፍቅር አልለውም። ሁለት ጊዜ ነክሷታል እኮ! እንደ ንብረቱ ነው የሚያያት።

እ.ኤ.አ. በ1983 በወጣው የመጀመሪያ ጀብዱ (የጨዋታው ታሪክ መጽሐፍ) የስትራድ ዓላማ በካርታ ዕጣ ይወሰን ነበር። እ.ኤ.አ. በ2016 የወጣው ጀብዱ ደግሞ እሱን የሚተካ ሰው መፈለግንም ይጨምርለታል፤ ግን ማንም አይበቃውም።

ጨዋታውን ስትመራ ስትራድን ጨዋ አድርገህ ተጫወተው። ተጫዋቾቹን ለእራት ሲጠራ ታሪኩን ራሱ ይንገራቸው፤ የሰርጌይን ሞት ግን አድበስብሶ ይለፍ። ጥፋቱን በወንድሙ፣ በታቲያና፣ በዕድሉ ያላክክ። ይቅርታ እንዳታስጠይቀው፣ በጣም ያሳንሰዋል። አይሪና እምቢ ካለችው ደግሞ ንዴቱን መጀመሪያ በወንድሟ በኢስማርክ ላይ ይወጣ።